በድንገተኛ አደጋ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሴቶችን እንዴት እናመስግን?

አንዲት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቤታችሁን ከቃጠሎ አዳነች እንበል። «እግዜር ይስጥሽ» ብላችሁ ሸኛችኋት። ደግ አድርጋችኋል። ግን አለቃዋ ይህን አልሰማም፤ ማህደሯ ውስጥም አልገባም። ምስጋናው ሥራዋ ድረስ እንዲደርስላት ትንሽ መድከም ያስፈልጋል።

1. ማንን እንደምታመሰግኑ ለዩ

አምቡላንስ ላይ ያለችው ባለሙያና ፖሊሷ በዓይን ይታያሉ። ስልኩን ያነሳችው ግን ትረሳለች። የልብ ምቱ ለቆመ ሰው ደረቱን እንዴት እንደምትጫኑ እየነገረች፣ አብራችሁ እየቆጠረች፣ እርዳታው እስኪደርስ ያቆየቻችሁ እሷ ነች። መኪናው ሲደርስ ስልኩ ይዘጋል፤ ወዲያው ሌላ ጥሪ ታነሳለች። በሽተኛው ዳነ? አልዳነም? ብዙውን ጊዜ አታውቅም። ስለዚህ ለእሷ ትልቁ ስጦታ የታሪኩ መጨረሻ ነው። «ያን ሌሊት በስልክ የረዳሽው አባቴ ከሆስፒታል ወጥቷል» ብላችሁ ጻፉላት። ሰውየው ባይተርፍም እንኳ፣ ብቻችንን አልተውሽንም ማለት ይቻላል።

2. ደብዳቤ ጻፉ

ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን አስቀምጡ። ስሟን ካላወቃችሁ የመኪናው ቁጥር ወይም የጣቢያው ስም ይበቃል፤ በዚያ ፈልገው ያገኟታል። ከዚያ ያደረገችውን በዝርዝር ንገሩ። «ጀግና ነች» ማለት ደስ ይላል፣ ግን ስለ ሥራዋ ምንም አይናገርም። «እናቴን በደረጃ ሲያወርዷት አንገቷ እንዳይነቃነቅ ደጋግማ ታሳስብ ነበር፤ ለእኔም የምታደርገውን ሁሉ እያስረዳችኝ ነበር» ሲባል ግን አለቃዋ ችሎታዋን ያያል። እድገት ሲታሰብ ይህ ወረቀት ይነበብ ይሆናል። ደብዳቤውን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ላኩ፤ ግልባጩ ለእሷ ይድረሳት። አደራ፣ ለማመስገን ብላችሁ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ ላይ እንዳትደውሉ።

3. «ሴት ሆና» የሚለውን ሰርዙ

በአሜሪካ ከሚታወቁት ሴት የእሳት አደጋ ሠራተኞች የመጀመሪያዋ ሞሊ ዊሊያምስ ነች። በባርነት ትኖር የነበረች ጥቁር ሴት ናት። በ1818 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ከባድ በረዶ ሲወርድ፣ የውሃ መርጫውን በገመድ ከጎተቱት አንዷ እንደነበረች ይነገራል። ያኔ የተሰጣት ሙገሳ ከወንዶቹ አታንስም የሚል ነበር። ሁለት መቶ ዓመት አልፎም ያንኑ የምንደግም አለን። ሴትዮዋ መሰላል የወጣችው ከማንም ጋር ለመወዳደር አይደለም። ሥራዋን ብቻ አወድሱ።

4. ስጦታና ፎቶ ላይ ጠንቀቅ በሉ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ በተለይ በፖሊስ፣ ገንዘብና ስጦታ መቀበል ክልክል ነው። አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚቻል ከሆነ ለፈረቃው ሁሉ የሚሆን የታሸገ ነገር ይሻላል። ፎቶዋን ሳትጠይቁ አትለጥፉ፤ በተለይ ከበስተኋላዋ በሽተኛ ካለ።

5. የሚመቻትን ነገር ጠይቁላት

የኒውዮርክ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሴቶችን መቅጠር የጀመረው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ብሬንዳ በርክማን የአካል ብቃት ፈተናው አድሏዊ ነው ብላ ከስሳ ካሸነፈች በኋላ። በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ነገር አይስተካከልም። በወንድ ልክ የተሠራ ጓንት እጇ ላይ ይሰፋል። የመተንፈሻ ጭምብሉ ፊቷ ላይ በደንብ ካልገጠመ ጭስ ያስገባል። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም፣ የሕይወት ነው። የአካባቢያችሁ በጀት ሲመከር እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ በልካቸው የተሠራ ልብስ አላቸው? መቀየሪያ ክፍልስ? ለነፍሰ ጡር የሚሆን ዩኒፎርምስ? በእኔ ግምት ከአሥር እቅፍ አበባ ይህ ጥያቄ ይበልጣል።

ሜይ 4 (ሚያዝያ 26) ዓለም አቀፍ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀን ነው። ጥያቄውን ለማንሳት አመቺ ቀን ይመስለኛል።

6. ዘመድ ወይም ጎረቤት ከሆነች

«እስካሁን ካየሽው ሁሉ የከፋው ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ልትረሳው የምትታገለውን ነገር ለቡና ወሬ አታስወጧት። ራሷ ካነሳችው ስሙ። የሌሊት ፈረቃ ካላት ጠዋት አትደውሉ፤ ይልቅ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሱላት። ግብዣ ላይ ስትቀር አትቀየሟት፤ ሲመቻት እንድትመጣ ሌላ ቀን ቅጠሩ።