ለገና ላሊበላ ለሚሄድ ሰው

ላሊበላን በገና የሚሄድ ሰው ሁለት ጉዳይ ይዞ ነው የሚነሳው፤ በዓሉን ማክበርና 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መሳለም። ሁለቱን በአንድ ቀን ልጨርስ ያለ ሁለቱንም ያጣል። በዋዜማው ደረጃውም መሿለኪያውም በምእመን ጢም ስለሚል፣ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው መሻገር ራሱ ሰዓት ይፈጃል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ከሆነ በ26 ግቡ። በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ልደት በ28 ስለሚውል ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ዘመኑን እዩ፤ ቀኑንም እዚያው ካሉ ሰዎች አጣሩ።

በመኪና ከሆነ ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያና በጋሸና አድርጋችሁ ነው የምትገቡት። ሁለት ቀን ያዙለት፤ ከጋሸና ወዲያ ያለው መንገድ ተራራማ ነውና አይምሽባችሁ። የመንገዱን ጸጥታ በምትነሱበት ጠዋት ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ያለፈው ሳምንት ወሬ አያስኬድም። መታወቂያ ከእጃችሁ አይጥፋ። አልጋ አስቀድማችሁ ካልያዛችሁ ግን ማደሪያችሁ ድንኳን ነው።

ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ በነጠላ ብቻ አይቻልም፤ ጋቢ ያዙ። ጾም ነውና በሶ፣ ቆሎና ውኃ አይለያችሁ። ጥሬ ብርም ያዙ፤ በበዓል ሰሞን በባንክ ማሽንና በኔትወርክ መተማመን አያዋጣም።

ጫማ የሚናቅ ነገር አይደለም። በየደጁ ስለሚወለቅ፣ ባለ ክር ቡትስ አድርጎ የመጣ ሰው ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ሶሉ የማያንሸራትት፣ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፤ ብዙ እግር ያለፈበት ድንጋይ ሙልጭ ያለ ነው። በበዓሉ ሌሊት ደጅ የተተወ ጫማ በጨለማ ከሌላው ጋር ይለዋወጣልና በፌስታል አድርጋችሁ ያዙት። ምንጣፉ ደግሞ ቁንጫ አያጣውም፤ ካልሲውን ከሱሪው በላይ ሳቡት።

ለመሳለም ጠዋት ከቤተ መድኃኔ ዓለም ጀምሩ፤ ቤተ ማርያም፣ መስቀል፣ ደናግል፣ ደብረ ሲናና ጎልጎታ እዚያው ተያይዘው ናቸው። ቀትር ላይ ስለሚዘጋ ያኔ አረፍ በሉ። ከሰዓት ዮርዳኖስ ከሚባለው ቦይ ማዶ ያሉትን ያዙ። በዚያ ወገን ያለው የጨለማ ዋሻ ውስጥ ስትገቡ አንድ እጃችሁ ግድግዳውን ይዳብስ፣ ሌላው ከግንባራችሁ ፊት ይሁን፤ ረጅም ሰው ጣሪያው ይመታዋል። ቤተ ጊዮርጊስን ለማግሥቱ ጠዋት ተዉት። ከላይ ስታዩት ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ነው፤ ጉድጓዱ ግን 12 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ለፎቶ ብላችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ።

የሌሊቱ ዋና ቦታ ቤተ ማርያም ነው። ማኅሌቱ አድሮ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጠዋት፣ ቤዛ ኩሉ የሚባለው የልደት ዝማሬ ይወረባል፤ ካህናቱ ገሚሱ ማሜ ጋራ በሚባለው ዙሪያ ገደል ላይ በመላእክት አምሳል፣ ገሚሱ ታች በእረኞች አምሳል ቆመው ይቀባበላሉ። ሁለቱንም ወገን ማየት የፈለገ ከቅዳሴው በፊት ላይኛው ወገን ቦታ ይያዝ፤ ሲነጋ መፈለግ ዘበት ነው። ቆራቢ ግን ታች መሆን አለበት፤ በኋላ መውረጃ አያገኝም። ሕፃንና አቅመ ደካማ ታች አታውርዱ፤ መውጫው ጠባብ ነው፣ ወረቡ ሲያበቃም ሕዝቡ ባንዴ ነው የሚነሳው። ግፊያው እስኪቀል ባላችሁበት ቆዩ፤ የመልሱን ጉዞም ለማግሥቱ አድርጉት፤ እንቅልፍ ያጣ ሹፌር በዚያ ቁልቁለት አይታመንም።