ሜዲኬይድ ከመጠየቅዎ በፊት ግሪን ካርድዎን ያንብቡ

አሜሪካ ውስጥ ገቢያቸው ለሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) የሚበቃ ሰዎች በወረቀት ምክንያት ይመለሳሉ። ካርዱን ያውጡና ፊቱ ላይ የምድብ ኮዱንና ቋሚ ነዋሪ የሆኑበትን ቀን ይፈልጉ።

ኮዱ በ«ዲቪ» ከጀመረ፣ ወይም በቤተሰብ ከመጡ፣ አዋቂ ሰው ከዚያ ቀን አንስቶ 5 ዓመት ይጠብቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን አያስጠብቁም። ለሌላው ያለው መንገድ ኦባማኬር (በመንግሥት የመድን ገበያ የሚገዛ የጤና መድን) ነው። በገቡ በ60 ቀን ውስጥ ይመዝገቡ፤ ካለፈዎት እስከ ዓመታዊው ምዝገባ ይቆያሉ። ለ2026 ሽፋን፣ ብቻውን የሚኖር ሰው የዓመት ገቢ ግምቱ ከ15,650 ዶላር ካነሰ የመድን ክፍያ ድጎማ አያገኝም። ስለዚህ ግምቱን ሲጽፉ የሚጠብቁትን ሁሉ፣ የኡበሩንም ገቢ ጭምር፣ ይደምሩ። ያልሠሩትን ግን አይጨምሩ፤ በግብር ጊዜ ይመረመራል።

በጥገኝነት ወይም በሬፊውጂነት የመጣ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ግሪን ካርዱ ትናንት ቢደርሰውም 5 ዓመቱ አይመለከተውም። ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው፦ የሜዲኬይድ ቢሮ ሠራተኛው የካርዱን ቀን ብቻ አይቶ «ገና ነዎት» ይላል። ኮዱን ያሳዩት፤ «ኤኤስ» ጥገኝነት ነው፣ «አርኢ» ሬፊውጂ። ጥገኝነት የተፈቀደበትን ደብዳቤ ወይም አይ-94 የተባለውን የኢሚግሬሽን ቅጽ ኮፒ አያይዙ፤ ዋናውን አይስጡ። ግሪን ካርድ ገና ያላመለከቱ ካሉ አይዘግዩ፦ ከጥቅምት 1 ቀን 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፌዴራል ገንዘብ የሚከፈለው ሜዲኬይድ ጥገኝነት ብቻ ላለው ሰው ይዘጋል።

ስምዎን በካርዱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ይጻፉ። የአባት ስም አንድ ቦታ፣ የአያት ስም ሌላ ቦታ የመጨረሻ ስም ሆኖ ከተጻፈ፣ ወይም የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ከተዛባ፣ የኢሚግሬሽን ኮምፒውተር አያገኝዎትም። ያን ጊዜ ማስረጃ ለማምጣት 90 ቀን አለዎት፤ ሌላውን ካሟሉ በመሃሉ ሽፋኑ ሊከለከል አይገባም።

ወረቀት የሌለው ሰውም ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ለድንገተኛ ሕመምና ለወሊድ የአስቸኳይ ጊዜ ሜዲኬይድ ይከፍልለታል። የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ፤ የክትትል ቀጠሮን አይሸፍንም።

እምቢታ ከመጣ የይግባኙ ቀነ ገደብ ደብዳቤው ላይ አለ። አስተርጓሚ በነፃ ነውና ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ።