ኅብረተሰብ ሲለወጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከሐዋሳ ተሞክሮ

ሐዋሳ በአጭር ጊዜ ብዙ የተለወጠች ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ከኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ በኋላም የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀበሌ ኮሚቴውም፣ የወጣቶች ማኅበሩም፣ የልማት ባለሙያውም የሚሠሯቸው ስህተቶች ይመሳሰላሉ። አብዛኞቹ የሚመነጩት ኅብረተሰብ ሕያው ሥርዓት መሆኑን፣ ማለትም አንዱ ክፍል ሲነካ ሌላውም አጸፋ እንደሚመልስ፣ ከመዘንጋት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት መንስኤውን ችግሩ በታየበት ቦታ ብቻ መፈለግ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለትም ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ቀድሞ ከላይ ያለው የጨለለቃ ረግረግ ደለሉን ያስቀር ነበር፤ ከተራሮቹ በታጠበው አፈር እየተሞላ ሲሄድ ግን ይህ አቅሙ ተዳከመ፣ ደለሉም ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ስለዚህ የሐይቁን ዳርቻ በዘመቻ ማጽዳት የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ማሳው በውርስ እየተከፋፈለ ጠብቦበት ተዳፋቱን ለማረስ የተገደደውን ገበሬ ያላሰበ ዘመቻ በየዓመቱ ከመደገም አያልፍም።

ሁለተኛው ራሱን የሚያባብስ ዑደትን እንደ ግለሰቦች ጥፋት መቁጠር ነው። ሥራ ያጣ ወጣት ወደ ዓሣ ማስገር ይገባል፤ አስጋሪው ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ ድርሻው ሲያንስ መረቡን ያጠብባል፤ ያልደረሰው ቆሮሶ ዓሣ ሳይራባ ይያዛል፣ የሚቀጥለው ዓመት ምርትም ይቀንሳል። በዚህ ዑደት ውስጥ ማንም ክፉ መሆን አያስፈልገውም። መረቡን መውረስ ብቻውን ወጣቱን ወደ ሐይቁ ያመጣውን ምክንያት አያስቀርም።

ሌላው፣ በእኔ ግምት እጅግ አሳሳቹ፣ ጸጥታን ከጥንካሬ ጋር ማምታታት ነው። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ሆሊንግ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው፣ አንድ ሥርዓት ሳይናወጥ መቆየቱና ድንጋጤ ሲደርስበት መቋቋም መቻሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ምርት ብዙው ወደ አሜሪካ ገበያ ይሄድ ስለነበር፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ከአጎዋ፣ ተጠቃሚነት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ስትወጣ፣ በዋሽንግተን የተወሰነው ውሳኔ ከገጠር መጥተው በጋራ ቤት ተከራይተው የሚኖሩትን ሴት ሠራተኞች ኑሮ ነካ። ሁሉም ነገር በመልካም ሁኔታ ሲሄድ፣ «በአንድ ነገር ላይ ብቻ የተንጠለጠልነው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ውጤትን በበጀት ዓመት መለካትም የታወቀ ስህተት ነው። ሪፖርት በሰኔ ይዘጋል፤ የተተከለ ችግኝ ግን አፈር እስኪይዝ ዓመታት ይፈጃል።

የአገር ሽማግሌዎችን ለስብሰባ መክፈቻ ምርቃት ብቻ መጥራት ደግሞ ጥበብን ጌጥ ማድረግ ነው። በዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በተመዘገበው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ በዓል፣ የጎሳ መሪ የሆኑ ሽማግሌዎች አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ በሐሰት እንዳይመሰከር፣ ስንፍናም እንዲወገድ በአንድነት ይመክራሉ። ዛፉንና ምስክርነቱን በአንድ ምክር ማሰር የዋዛ ነገር አይደለም፤ መሬትና መተማመን አብረው እንደሚጎዱ የሚያውቅ ሰው አሠራር ነው። አፊኒ በተባለው የሲዳማ የምክክር ሥርዓትም ጉዳዩ ከውሳኔ በፊት ለተሰብሳቢው ይቀርባል፣ የሰማው ሁሉ ሐሳቡን ይጨምርበታል። በአንጻሩ ይህን ሁሉ እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብም ሌላ ስህተት ነው፤ ሴቶችና ወጣቶች በሽማግሌዎች ሸንጎ ያላቸው ቦታ ጠባብ ሆኖ መቆየቱን ሳይናገሩ ባህልን ማወደስ ግማሹን ሕዝብ ከሥርዓቱ ማውጣት ነው።

በመጨረሻ፣ «ሁሉም ነገር የተሳሰረ ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አለ። መተሳሰሩን ያወቀ ሰው በአንድ የተሸረሸረ ተዳፋት ወይም በአንድ የጀልባ ማረፊያ ይጀምራል፤ ከመጀመሩ በፊትም ሐሳቡ መሳሳቱን የሚያሳየውን ምልክት ከነዋሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ይጽፋል፣ ምልክቱ ሲታይም መንገዱን ይለውጣል።