ስለ አነስተኛ በጀት የገዳይ አደን ፊልም አስተያየት ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገዳይ ስለማደን የሚያወራ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ አክሽን ትሪለር በወጣ ቁጥር ተመልካች የሚሰጠው አስተያየት ቢገለባበጥ ያው ነው፦ «ጊዜዬን በላው»፣ «ለበጀቱ አይከፋም»፣ «ገዳዩን ገና ከመጀመሪያው አወቅሁት»። ፊልሙን ላላየ ሰው ሦስቱም ምንም አይነግሩትም። ፊልሙን የሠሩትም ቀጣዩን ሲሠሩ የሚያርሙት ነገር አያገኙባቸውም። እንዲህ ያለ ፊልም ደግሞ የማስታወቂያ ገንዘብ የለውም፤ እንዲታይም እንዲቀርም የሚያደርገው የተመልካች ቃል ነው።

ሁሉን ነገር በበጀት ማሳበብ

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። መልኩ ሁለት ነው። አንዱ «ምን ያድርጉ፣ ገንዘብ የላቸውም» ብሎ ሁሉንም ይቅር ይላል። ሌላው «ርካሽ ፊልም» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሁለቱም ገንዘብ ምን እንደሚገዛና ምን እንደማይገዛ ሳይለዩ የተናገሩ ናቸው።

ገንዘብ ከምንም በላይ የሚገዛው ጊዜ ነው። ትልቅ ስቱዲዮ በቀን ሁለት ሦስት የስክሪፕት ገጽ ቢቀርጽ ይበቃዋል፤ ትንሹ ቡድን ግን በዚያው ቀን ሰባት ስምንት ገጽ ካልጨረሰ የተከራየው ቦታ ያመልጠዋል። ስለዚህ ከአምስት አቅጣጫ ሊቀረጽ የሚገባው ፍጥጫ ከሁለት አቅጣጫ ብቻ ይቀረጽና ኤዲተሩ የሚመርጠው ያጣል። የሌሊት ትዕይንት ብዙ መብራት፣ ጄኔሬተርና የተዘጋ መንገድ ይፈልጋል። የመኪና ማሳደድ የስታንት ባለሙያ፣ ተለዋጭ መኪናና የልምምድ ቀን ይፈልጋል። እዚህ ላይ የሚታይ ጉድለት የገንዘብ ነው ቢባል ያስኬዳል።

መርማሪዋ ግን ለማንም ሳትነግር፣ ስልኳን መኪና ውስጥ ትታ፣ ብቻዋን ገዳዩ ቤት ስትገባ ጥፋቱ የበጀት አይደለም። ለመግባቷ አሳማኝ ምክንያት መጻፍ ሳንቲም አያስወጣም። ገዳዩ መጨረሻ ላይ ሽጉጡን ደግኖ ለምን እንደገደለ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲተርክም እንደዚያው። የመጀመሪያው አስከሬን ማክሰኞ ተገኝቶ «ከሦስት ቀን በኋላ» የተገኘው ሁለተኛው ረቡዕ ሲሆንም እንደዚያው። እንዲያውም ሁለት ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ገጽ ለመቅረጽ ከሁሉም ይረክሳል፤ በትንሽ በጀት ፊልም ውስጥ ንግግሩ ከተበላሸ ሰበብ የለውም። ቅሬታዎን ከመጻፍዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ይህን ለማስተካከል ገንዘብ ያስፈልግ ነበር ወይስ ስክሪፕቱን አንድ ጊዜ ደግሞ ማንበብ?

እጥረት ራሱ ለፊልም መልክ የሚሰጥበት ጊዜም አለ፤ ይህንንም ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ሃሎዊን» የፈጀው ወደ 300 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የገዳዩ ጭምብል ከሱቅ የተገዛ የ«ስታር ትሬክ» ካፒቴን ኪርክ ፊት ነበር፤ የዓይኑን ቀዳዳ አስፍተው ነጭ ቀለም ቀቡት። ስለዚያ ጭምብል «ርካሽ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው አልተሳሳተም፣ ግን ምንም አልተናገረም። ፊቱ ምንም ስሜት ስለማይነበብበት እንደሚያስፈራ ያስተዋለው ነው ስለ ፊልሙ የጻፈው።

«በ7 ሺህ ዶላር ተሠርቶ የለ እንዴ» ብሎ መከራከር

በትንሽ ገንዘብ ስለተሠራ ፊልም ሲወራ እ.ኤ.አ. የ1992ቱ «ኤል ማሪያቺ» መነሳቱ አይቀርም። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ሮበርት ሮድሪጌዝ ቀረጻውን የጨረሰው በ7 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ተመልካች ሲኒማ ቤት ያየው ግን ስቱዲዮው ከገዛው በኋላ ድምፁ እንደገና ተሠርቶ ወደ 35 ሚሊሜትር ፊልም የተገለበጠውን ነው፤ ለዚህ የወጣው ገንዘብ ከቀረጻው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ያንን ቁጥር ይዞ የሌላውን ፊልም ድምፅና ምስል መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከዚያ ፊልም የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው። ካሜራው ድምፅ ስለማይቀዳ ንግግሩ ለብቻ ይቀዳ ነበር፤ ቃሉና ከንፈሩ መለያየት ሲጀምሩ ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ ምስል ይቆርጣል። ሰው የወደደለት ፈጣን ኤዲቲንግ በከፊል የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

የራስን ቴሌቪዥን ችግር ለፊልሙ መስጠት

«የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል»፣ «ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም»፣ «ሙዚቃው ንግግሩን ዋጠው»። ከእነዚህ ቅሬታዎች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከሚታይበት መሣሪያ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይቀረጻል። አብዛኛው አዲስ ቴሌቪዥን ደግሞ እንቅስቃሴ ለማለስለስ በመሃል የራሱን ምስሎች እየፈጠረ ያስገባል፤ ምስሉን ያንን የማይመች ልስላሴ የሚሰጠው እሱ ነው። ከሴቲንጉ ውስጥ እንቅስቃሴ ማለስለሻውን ያጥፉና የምስሉን ዓይነት «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር ሞድ» ላይ ያድርጉት። ጨለማ ትዕይንት ላይ ጥቁሩ በካሬ በካሬ ከተሰባበረ ኢንተርኔቱ ደክሞ የሚላከው ምስል ተጨምቋል ማለት ነው፤ በተሻለ ጥራት እስኪያዩት ድረስ ስለ ካሜራ ባለሙያው አይፍረዱ። የክፍሉንም መብራት ይቀንሱ።

ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ይሞክሩት። በ5.1፣ ማለትም በዙሪያ ለሚቀመጡ ስድስት ስፒከሮች፣ በተዘጋጀ ድምፅ ውስጥ ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከመሃል ስፒከር ነው፤ ሁለት ስፒከር ብቻ ባለው ቴሌቪዥን ሁሉም ሲደባለቅ ንግግሩ ይሰምጣል። በጆሮ ማዳመጫም ካልጠራ ጥፋቱ የፊልሙ ነው። ይህን ማረጋገጫ መንገድም አለ፦ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጡ። ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው በዞረ ቁጥር ከጀርባ ያለው የክፍሉ ሹክሹክታ ከተቀየረ፣ አንዴ የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ተሰምቶ አንዴ ጭጭ ካለ፣ ባዶውን ክፍል ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው አልቀዱትም ማለት ነው። የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገንዘብ የለም ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። «ድምፁ ይረብሻል» ከማለት ይልቅ ይህን ቢጽፉ የፊልሙ ባለቤት ያመሰግንዎታል።

«ካሜራው ይንቀጠቀጣል» ብሎ ማቆም

መንቀጥቀጡ ራሱ ስህተት አይደለም፤ ጥያቄው ምን ለመደበቅ ተንቀጠቀጠ ነው። አንድ ድብድብ ይምረጡና አንድ ደቂቃውን ደግመው ይዩት። ማን የት እንደቆመ ያውቃሉ? ቡጢው ተሰንዝሮ ሲያርፍ በአንድ ሾት ውስጥ ይታያል ወይስ ሲያርፍ ተቆርጧል? የፊልም ቡጢ አይነካም፤ ካሜራው በአንዱ ትከሻ ጀርባ ከቆመ ክፍተቱ አይታይም፣ ከጎን ከቆመ ግን ፍንትው ብሎ ይታያል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ አርባ ጊዜ የሚቆረጥ ድብድብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው የልምምድ ማነስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኢንዶኔዥያው «ዘ ሬይድ» በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ድብድቡ ጥርት ብሎ የሚታየው ተደባዳቢዎቹ ራሳቸው የሲላት (የአካባቢው ባህላዊ የትግል ጥበብ) ባለሙያዎች ስለሆኑ፣ ተዋናዮቹ ኢኮ ኡዋይስና ያያን ሩሂያን እንቅስቃሴውን ራሳቸው ስላቀነባበሩት፣ ታሪኩም ከሞላ ጎደል ከአንድ ሕንፃ ስለማይወጣ ነው።

በኮምፒውተር ተኩስ መሳቅ

ከሽጉጡ አፍ የሚወጣው እሳት በኮምፒውተር የተጨመረ ሲሆን ያስታውቃል። ብልጭታው ግድግዳውና የተኳሹ ፊት ላይ አይበራም፣ የሽጉጡ የላይኛው ክፍል ወደ ኋላ አይንሸራተትም፣ ቀለህ አይወድቅም። ይህን ነቅሶ መጻፍ ተገቢ ነው። «ለምን በእውነተኛ መሣሪያ አልተኮሱም» ማለት ግን አይገባም። ባዶ ጥይትም ቢሆን በቅርብ ርቀት ሰው ይገድላል፤ የመሣሪያ ባለሙያና ጥብቅ ቁጥጥር ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የካሜራ ባለሙያ በልምምድ ላይ እያለች ከተዋናይ ሽጉጥ በወጣ እውነተኛ ጥይት ሕይወቷ አልፏል። ተዋናዩን ከአደጋ ጠብቆ የተቀረጸ ደካማ ብልጭታ ይሻላል፤ የሚተቸው ብርሃኑን ፊት ላይ ለመጣል አንዲት ትንሽ መብራት አለማብራታቸው ነው።

«ሽጉጡ ሳይሞላ ስንት ጊዜ ተኮሰ» ብለው ጥይት የሚቆጥሩም አሉ። ብዙ 9 ሚሊሜትር ሽጉጦች 15 ወይም 17 ጥይት ይይዛሉ፣ ሪቮልቨር በአብዛኛው 6፤ ከመውቀስዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

«ገዳዩን ቀድሜ አወቅሁት»

ማወቅዎ ብቻውን ትችት አይሆንም። አንዳንዱ ፊልም ገዳዩን ደብቆ ያስገምታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ገና ከመነሻው አሳይቶ እንዴት እንደሚያዝ ያስጠብቃል። አልፍሬድ ሂችኮክ ልዩነቱን ከጠረጴዛ ሥር ባለ ቦምብ አስረድቶታል፦ ተመልካቹ ሳያውቅ ከፈነዳ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ መኖሩን እያወቀ ሰዎቹ ሲያወሩ ካየ ግን ደቂቃዎቹን ሙሉ ይጨነቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊልሙ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይወስኑ። የሚደብቀው ዓይነት ሆኖ ካወቁት፣ ምን እንዳጋለጠው ይጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው የተዋናዮች ምርጫ ነው፤ ታዋቂው ሰው ሁለት መስመር ብቻ የሚናገር ጎረቤት ሆኖ ከመጣ ነገሩ አለቀ።

ስለ ታዋቂ ተዋናይ ከተነሳ፣ ፖስተሩ ላይ ፊቱ የገዘፈው ሰው ፊልሙ ውስጥ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢታይ አይደነቁ፤ የተከፈለው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በስልክ የሚያወራ ከሆነና ከዋናዎቹ ጋር በአንድ ሾት ካልታየ ምልክቱ ያ ነው። ይህን ለሌላው ማሳወቅ ጥሩ ነው።

የገዳዩን ማንነት በመጀመሪያው መስመር አይጻፉ።

ፊልሙን አይቶ ሳይጨርሱ ፍርድ መስጠትም አለ። በሃያኛው ደቂቃ ካቋረጡ «በሃያኛው ደቂቃ አቋርጫለሁ» ብለው ይጻፉ፤ ሐቀኛና ጠቃሚ አስተያየት ነው።

ነጥብን አሳስቶ ማንበብና መስጠት

የሐያሲዎችን አስተያየት በሚያሰባስበው ሮተን ቶማቶስ ድረ ገጽ ላይ 60 በመቶ ማለት ፊልሙ ከመቶ ስድሳ አገኘ ማለት አይደለም፤ ከተቆጠሩት ሐያሲዎች 60 በመቶው አዎንታዊ አስተያየት ሰጡ ማለት ነው። ሁሉም «ደህና ነው» ያሉት ፊልም 100 ሊያገኝ ይችላል። ከ1 እስከ 10 በሚሰጥበት ቦታ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያውቀው 1ን እና 10ን ብቻ ነው። ሚሊዮን ሰው ድምፅ የሰጠበት ፊልም ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። 20 ሰው ብቻ ድምፅ ሰጥቶበት በአማካይ 7 ያገኘ ትንሽ ፊልም ላይ ግን አምስት ተናዳጆች 1 ቢሰጡት አማካዩ 5.8 ይሆናል። ድምፁ ደካማ፣ ድብድቡ ጥሩ፣ መጨረሻው የተንዛዛ ፊልም 4 ወይም 5 ነው፤ 1 የሚሰጠው ከሦስቱ አንዱም ላልተሳካለት ነው።