ከደም ምርመራ በፊትና በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። የላቦራቶሪ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ለስኳር ምርመራ የመጡ አንድ አዛውንት «ነገ ጾመው ይምጡ» ብዬ ሸኘኋቸው። በማግሥቱ ልኬቱ ከፍ ብሎ ባገኘው «አባባ፣ ጾመዋል?» አልኋቸው። «እንዴታ ልጄ! ማክሰኞ መሆኑን እያወቅሁ፣ አንተ ስላልኸኝ ቅቤውን ትቼ በሽሮ ብቻ ነው የቀመስሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «ጾም» የሚለውን ቃል ትቼ «ባዶ ሆድ» እላለሁ፤ ይኸውም ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም፣ ቡናም ቢሆን፣ አለመቅመስ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ግን የሚያስቅ አይደለም። ራሱን ያመመው ሁሉ «የታይፎይድ ምርመራ ይሠራልኝ» ብሎ ይመጣል፤ በየዓመቱ «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» የሚልም አላጣሁም። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ጀርሙን አያይም፤ የሚያየው ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህም ከወራት በፊት ከዳነ በሽታ የቀረ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያት የታየ ሊሆን ስለሚችል፣ ታይፎይድ በተለመደበት አገር ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ «ፖዘቲቭ» ቢመጣ አይደንቅም። ታይፎይድን በተሻለ የሚያረጋግጠው ጀርሙን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው። ካልቸር በየጤና ጣቢያው እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ አለመገኘቱ ግን አንዲትን የዊዳል ወረቀት ፍርድ አያደርጋትም። ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ወጣት፣ በዚህችው ወረቀት የተነሣ ሳምንት ሙሉ የታይፎይድ መድኃኒት ሲወስድ ሰንብቶ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። ደሙን ስላይድ ላይ ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ባየው ፋልሲፓረም የተባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ሞልቶበታል። ቆላ ወርዶ እንደነበር ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። እባካችሁ፣ ባትጠየቁም ተናገሩ።

ለወባ ምርመራ ደም ከመስጠትዎ በፊት ጎረቤት የሰጠዎትን ኮአርተም የተባለ የወባ መድኃኒት አይዋጡ። አንድ ጊዜ «ወባ የለም» ተብሎ ትኩሳቱ ካልበረደም ምርመራው በማግሥቱ ይደገም።

ስለ ደም ማነስ የማየው ስህተት ረቀቅ ያለ ነው። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሕዋስ ክፍል) ከ12 ግራም በዴሲ ሊትር ካነሰ ደም ማነስ ነው ሲባል፣ ልኬቱ የተቀመጠው በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው መሆኑ ይዘነጋል። ደጋ ላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ከሚለካው ሄሞግሎቢን ከ1 ግራም በላይ ተቀንሶ ሊታሰብ ይገባል። ስለዚህ የማርቆሷ እናት 12.6 «ደህና ነው» ተብላ ብትሸኝም ደም ማነስ አለባት፤ በጮቄ ተራራ ሥር ለሚኖሩት ደግሞ ቅናሹ ይብሳል። ቀይ ሥር ቀይ ስለሆነ ብቻ ደም አይሆንም፤ የአይረን ክኒንንም ከቡና ጋር መውሰድ ክኒኑን ማባከን ነው።

አንጀቴን የሚበላው ግን ሾተላይ ነው። እናቲቱ አርኤች ኔጌቲቭ (በቀይ የደም ሕዋሷ ላይ አርኤች የሚባለው ምልክት የሌላት)፣ ፅንሱ ከአባቱ ወርሶ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ይገባና ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል፤ ይህም በኋላ የሚፀነሰውን ፖዘቲቭ ልጅ ደም ያጠቃል፤ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ተወልዶ ቀጣዮቹ የሚጎዱት በዚህ ምክንያት ነው። «በኵሬ ጤነኛ ነው፣ ምን ያስመረምረኛል?» ማለት ስህተት የሚሆነውም ለዚሁ ነው፤ ውርጃም እንደ ወሊድ ይቆጠራል። ሰውነቷ ይህን እንዳያመርት የሚከላከለው አንቲ ዲ የተባለው መርፌ በ28ኛው የእርግዝና ሳምንትና ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካሉን አንዴ ካመረተ ግን መርፌው አይመልሰውም። ሦስት ልጆች ቀብራ ጠበል ለጠበል ስትንከራተት የኖረች እናት የደም ዓይነቷን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኋት እኔ ነኝ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ምርመራው ግን ሁለት ጠብታ ደምና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚፈልገው።