የሚጠወልግ የግቢ ኮሶን ስንንከባከብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሶ የደጋ ዛፍ በመሆኑ ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም፤ በወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ከጽድና ከዝግባ ጋር በራሱ ይበቅላል። ይሁንና ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፣ ለአበባው ውበትና ለጥላው ተብሎ በግቢ የተተከለ ኮሶ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ቅጠሉ ሲገረጣና ጫፉ ሲደርቅ ይታያል። እንደ እኔ እምነት ከእነዚህ ዛፎች ብዙዎቹን የሚጎዳቸው ቸልታ ሳይሆን፣ የሥሩ ሁኔታ ሳይታይ የሚደረግላቸው እንክብካቤ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የገረጣ ቅጠልን ሁሉ የውኃ ጥም አድርጎ መቁጠር ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ አቁሮ ይተኛል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ውኃ ባቆረ አፈር ውስጥ ያለ ሥር አየር አጥቶ ስለሚበሰብስ ውኃ መሳብ ያቅተዋል፤ በዚህም ምክንያት ዛፉ በውኃ መካከል ቆሞ እንደ ተጠማ ይጠወልጋል፣ ባለቤቱም አዝኖለት ሌላ ውኃ ይጨምርበታል። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት ከግንዱ ክንድ ያህል ርቆ አንድ ስንዝር በመቆፈር አፈሩን በእጅ መጨበጥ ያስፈልጋል፤ አፈሩ ከጣት ጋር የሚጣበቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ዛፉ የሚሻው ውኃ ሳይሆን ማፋሰሻ ቦይ ነው። በእርግጥ ደርቆ ከተገኘም በየቀኑ አንድ ጣሳ ከማፍሰስ ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ እስኪሰርግ ማጠጣት ይሻላል፤ ላይ ላዩን ብቻ የሚረጥብ አፈር ሥሩ ወደ ታች እንዳይወርድ ያደርገዋልና።

ሁለተኛው ስህተት የሚፈጸመው በተከላው ዕለት ነው። ችግኙን ከነላስቲኩ መቅበር፣ ወይም ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበትን ቦታ በአፈር መሸፈን፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። እኔም አንድ ኮሶ ያጣሁት በዚሁ ነው፤ ነቅዬ ሳየው ሥሩ ከላስቲኩ ቅርጽ ሳይወጣ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት። ግንዱን የቀበረውን አፈር ዛሬም ቢሆን በጥንቃቄ ገለጥ ማድረግ ይቻላል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ውርጭ ለጋውን ቅጠል ያቃጥላል። በዚህ ጊዜ የተቃጠለውን ቅርንጫፍ ወዲያውኑ መቁረጥ አይገባም፤ የደረቀው ቅጠል ከበታቹ ላለው እንቡጥ መጠለያ ስለሚሆነው፣ የውርጩ ወራት አልፎ ሕያው የሆነው ክፍል እስኪለይ መታገሥ ያሻል። ችግኙን ማታ ማታ በጆንያ መሸፈን መልካም ነው፤ ሆኖም ሽፋኑ በችካል ተደግፎ ቅጠሉን ሳይነካ መቆም፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣም መነሣት ይኖርበታል።

የታመመን ዛፍ በማዳበሪያ ለማበርታት መሞከርም ስህተት ነው። ትኩስ ፍግና የበዛ ዩሪያ የደከመውን ሥር ያቃጥሉታል። ቢያንስ ስድስት ወር ያህል የበሰበሰ ፍግ፣ ያውም ከግንዱ ራቅ ተደርጎ፣ ይበቃዋል። የምድጃ አመድን በየቀኑ ከአንድ ዛፍ ሥር መድፋት ግን የአፈሩን ጠባይ ስለሚለውጥ መቅረት አለበት።

በግንዱ ላይ ሽቦ ማሰርም ሆነ በግና አህያ ማሰር ልጡን ይጎዳል፤ ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ ውስጥ ነው።

በመጨረሻም ኮሶውን ከባሕር ዛፍ ጎን መትከል አለ። ባሕር ዛፍ በበጋ የአካባቢውን እርጥበት ቀድሞ ስለሚስብ፣ የምናጠጣው ውኃ ለኮሶው ሳይደርስ ያልቃል። ችግኙ ገና ትንሽ ከሆነ ክረምቱ ሲገባ ከነአፈሩ አንሥቶ ማዛወር ይቻላል፤ ከሰው ቁመት ካለፈ ግን ባሕር ዛፉን መቁረጥ ይሻላል፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውንም እየተከታተሉ ማስወገድ ያስፈልጋል።