የካንሰር ታማሚን የሚንከባከብ ነርስ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያገኙትን ደም ሥር መውጋት። ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ከደም ሥር ወጥተው ሥጋ ውስጥ ከፈሰሱ ቦታውን ያቆስላሉ፤ ቁስሉም ቀናት ቆይቶ ሊሰፋ፣ ጅማት ድረስም ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ከእጅ ጀርባ፣ ከአንጓና ከክርን መታጠፊያ ይልቅ ከክርን በታች ያለው ክንድ ይመረጣል። የብብት ንፍፊቶቿ በቀዶ ሕክምና የወጡላት ሴት በዚያው ወገን ባትወጋ ይሻላል። ትናንት የተተከለ ካኑላም (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ለእነዚህ መድኃኒቶች አይታመንም። በሲሪንጅ ሲሳብ ደም መመለሱ ብቻውን ዋስትና ስላልሆነ ታማሚዋ «አቃጠለኝ» ካለች ወዲያው ማቆም ነው።

ከፈሰሰ በኋላ ደንግጦ ካኑላውን መንቀል ሌላው ስህተት ነው። መጀመሪያ በባዶ ሲሪንጅ የቻሉትን ያህል መልሶ መሳብ፣ ከዚያ መንቀል፣ ክንዱን ከፍ ማድረግና ለሐኪም መናገር ይገባል። ማሸት ክልክል ነው። ለዶክሶሩቢሲን ቀዝቃዛ ነገር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን 4 ጊዜ ይያዛል። ለቪንክሪስቲን ግን ሙቅ ነው፤ ቅዝቃዜ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ቪንክሪስቲንን በሲሪንጅ ቀድቶ፣ በአከርካሪ ከሚሰጥ መድኃኒት ጋር በአንድ ትሪ ማስቀመጥ። በስህተት አከርካሪ ውስጥ ከገባ ይገድላል። በትንሽ የሳላይን (የጨው ውኃ) ከረጢት ቢዘጋጅ ይህ መሳሳት አይኖርም ማለት ይቻላል።

«ካተኮሰህ ፓራሲታሞል ውሰድ» ብሎ ወደ ቤት መላክ። ከኬሞ፣ ማለትም ከካንሰር መድኃኒቱ፣ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን በሽታ ተከላካዩ ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ይወርዳል። ያኔ መግልም ሳልም ላይኖር ይችላል፤ ብቸኛው የኢንፌክሽን ምልክት ትኩሳት ነው፣ እሱንም ፓራሲታሞል ይደብቀዋል። አንድ ጊዜ 38.3፣ ወይም ለአንድ ሰዓት የዘለቀ 38 ዲግሪ ከታየ ታማሚው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ አለበት። አንቲባዮቲኩ በ60 ደቂቃ ውስጥ ይጀመር፤ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) አስቀድሞ ይወሰዳል እንጂ ውጤቱ አይጠበቅም። በፊንጢጣ ሙቀት መለካትም መድኃኒት ማስገባትም አይፈቀድም። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ከመሸኘቱ በፊት ቴርሞሜትር እንዳለው፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀርበው ይጠየቅ፤ የወሰደው መድኃኒትና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀትም ይያዝ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ውኃ ለጊዜው ይቅር። ጠበል የሚጠጣን ሰው መቆጣት ግን ነገሩን እንዲደብቅ ብቻ ያደርገዋል፤ የታሸገ ውኃ አስባርኮ መጠጣትን ማማከር ይሻላል።

ሞርፊንን ሕመሙ ሲብስ ብቻ መስጠት። ፈሳሹ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። በመሃል ሕመም ከገነፈለ ተጨማሪው የቀኑ ድምር አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው፦ በየ4 ሰዓቱ 10 ሚሊ ግራም ለሚወስድ ሌላ 10። የሆድ ድርቀቱን ሰውነት ስለማይለምደው ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ መጠን መቀነስ ሰውን በከንቱ ማሠቃየት ነው።

ቤተሰብ «እንዳትነግሩት» ሲል እሺ ብሎ ቃል መግባት። አይዋሽም፣ እውነቱም በድንገት አይዘረገፍም፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ታማሚው ራሱ ይጠየቃል።

ዶክሶሩቢሲን ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን እንደሚያቀላ አለመናገር፤ ታማሚው ደም መስሎት ይሸበራል። አስታማሚውም ሽንትና ትውከት ሲያነሳ ለ48 ሰዓት ጓንት ማድረግ አለበት።